የፋብሪካ ማሽን፦ ያገለገለ ይገዛ ወይስ አዲስ?

አዲስ ቶርኖ ለመግዛት ያሰበ ባለወርክሾፕ አንድ ቀን ደላላ ይደውልለታል። «አውሮፓ ውስጥ የተዘጋ ፋብሪካ ማሽን ነው፤ ዋጋው የአዲሱን ግማሽ አይሞላም» ይለዋል። ፎቶግራፉ ሲመጣ ማሽኑ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ባለወርክሾፑ በአንድ እጁ ከአዲስ ማሽን አቅራቢ የመጣለትን ፕሮፎርማ፣ በሌላ እጁ የደላላውን ፎቶግራፍ ይዞ ይቸገራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቀደም ሲል 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በመሆኑም ከውጭ በሚገባ ማሽን ላይ የሚፈጸም ስሕተት በብር ሲመነዘር ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። ማሽኑ የተገዛው ደግሞ በባንክ ብድር ከሆነ፣ ቢሠራም ባይሠራም ወለዱ ይቆጥራል።

በገበያው ሁለት ዓይነት አቋም ይሰማል። አንደኛው ወገን «አዲስ ካልሆነ አልነካም» ሲል፣ ሌላው «የድሮ ብረት እንደ አሁኑ አይደለም፣ ዕድሜ ልክ ይሠራል» ይላል። ሁለቱም በከፊል ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘሉታል። ይኸውም ማሽኑ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? የሚለው ነው።

ከፕሮፎርማው ውጪ ያለው ዋጋ

አንድ ያገለገለ ማሽን ሻጩ የጠራው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። በሐራጅ የሚገዛ ከሆነ ከአሸናፊው ዋጋ በላይ የሐራጅ ድርጅቱ በመቶኛ የሚያስከፍለው ኮሚሽን አለ። ማሽኑን ከመሠረቱ ነቅሎ መጫንም አብዛኛውን ጊዜ የገዢው ወጪ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ጅቡቲ የባሕር ጉዞ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ወይም እስከ ፋብሪካው በር የየብስ ጉዞ፣ የጉምሩክ ሥርዓት፣ ክሬን፣ የኮንክሪት መሠረትና የኤሌክትሪክ መስመር ይከተላሉ።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ለአዲስ ማሽንም የሚወጡ ናቸው። ለውጡ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የ2 ቶን ቶርኖ ዋጋው 10,000 ዶላርም ሆነ 30,000 ዶላር፣ የማጓጓዣው ሒሳብ እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ ማሽኑ በረከሰ ቁጥር ማጓጓዣው ከዋጋው ላይ የሚይዘው ድርሻ እየከበደ ይሄዳል። በጣም ርካሽ የሆነ ማሽን ከሩቅ አገር ማስመጣት ብዙ ጊዜ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለው ማሽን ብቻውን የሚሸከማቸው ወጪዎችም አሉ። እነርሱም ከመጫኑ በፊት ማስፈተሻ፣ ከደረሰ በኋላ ማደሻ፣ የሚቀየሩ ኩሽኔታዎችና ቺንጋዎች ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማሽኑ ተበላሽቶ የሚቆምባቸው ቀናት ናቸው።

በቁጥር ሲታይ

ነገሩን ለማየት አንድ የስሌት ምሳሌ ይወሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ወርክሾፕ ለወፍጮ ቤቶች ዘንግና ቡሽ የሚያወጣበት ቶርኖ ይፈልጋል እንበል። አዲሱ 4,000,000 ብር፣ ማጓጓዣና ማስለቀቂያ 300,000 ብር፣ መሠረትና መብራት 100,000 ብር፣ በጠቅላላው 4,400,000 ብር ይፈጃል። ያገለገለው 1,600,000 ብር ሲሆን በተመሳሳይ ማጓጓዣና መሠረት ላይ ማስፈተሻ 150,000 ብር፣ ማደሻና መለዋወጫ 350,000 ብር ሲጨመርበት 2,500,000 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ 1,900,000 ብር ነው።

ይህ ልዩነት በ18 በመቶ ወለድ ከባንክ ቢወሰድ በዓመት 342,000 ብር ወለድ ያስከፍላል። ከዚህም ሌላ የእርጅና ሒሳብ አለ። አዲሱ ማሽን ከ10 ዓመት በኋላ በ1,200,000 ብር፣ ያገለገለው በ800,000 ብር ቢሸጡ፣ የአዲሱ እርጅና በዓመት 320,000 ብር፣ የሌላው 170,000 ብር ይሆናል። በመሆኑም አዲሱ ማሽን ባለቤቱን በዓመት ወደ 492,000 ብር በተጨማሪ ያስወጣዋል ማለት ነው።

አሁን የቆሙትን ቀናት መቁጠር ይገባል። ማሽኑ በአንድ የሥራ ቀን 12,000 ብር ትርፍ የሚያስገኝ ከሆነ፣ አዲሱ በወር 1 ቀን፣ ያገለገለው ደግሞ በወር 4 ቀን ቢቆሙ፣ የ3 ቀን ልዩነቱ በዓመት 432,000 ብር ያሳጣል። ይህ ከ492,000 ብር ያንሳል። ስለዚህ በአንድ ፈረቃ ለሚሠራ ወርክሾፕ ያገለገለው ማሽን በ60,000 ብር ይሻላል።

ወርክሾፑ በሁለት ፈረቃ መሥራት ሲጀምርስ? ማሽኑ የቆመበት ቀን የሚያሳጣው ትርፍ እጥፍ ስለሚሆን ኪሣራው በዓመት 864,000 ብር ይደርሳል። እዚህ ላይ አዲሱ ማሽን በ372,000 ብር ይበልጣል። በተቃራኒው በወር 8 ቀን ብቻ የሚሠራ ማሽን ጥገናው በሌሎቹ ቀናት ሊከናወን ስለሚችል የመቆሙ ጉዳት ከቁጥር አይገባም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 4,400,000 ብር ማሰር ገንዘብን ማስተኛት ነው።

ከዚህ አንድ መለኪያ ይወጣል። በዚህ ምሳሌ መሠረት፣ በአንድ ፈረቃ ሥራ ያገለገለው ማሽን ከአዲሱ ይልቅ በወር ከ3 ቀን ተኩል ገደማ በላይ የሚቆም ከሆነ ርካሽነቱ ያበቃል። እያንዳንዱ ባለፋብሪካ የራሱን ዋጋ፣ የራሱን ወለድና የራሱን የቀን ትርፍ አስገብቶ ይህንኑ ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ሊያገኘው ይችላል። ይህን ሳያደርግ የሚገዛ ሰው ማሽን ሳይሆን ዕድል እየገዛ ነው።

ብረት ይጠገናል፣ ኤሌክትሮኒክስ ይሞታል

ሁለተኛው ጥያቄ ማሽኑ በምን ይነዳል የሚለው ነው። በእጅ የሚሠሩት ቶርኖ፣ ፍሬዛና ትራፓኖ በአመዛኙ የብረት፣ የማርሽና የኩሽኔታ ሥራ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ቢያረጅም ይታደሳል። ኩሽኔታው በልኩ ይገዛል፤ የተበላ ማርሽ በአገር ውስጥ በፍሬዛ ይወጣል፤ የተበላው ሐዲድ በማሽን ተሞርዶ ወይም በእጅ ተፍቆ ይስተካከላል። በአሜሪካ በ1938 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የብሪጅፖርት ቁም ፍሬዛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተሠሩት ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

በኮምፒዩተር የሚነዳው፣ ማለትም ሲ ኤን ሲ የሚባለው ማሽን ግን ሌላ ነው። የዚህ ቴክኖሎጂ መጀመሪያ የሆነው በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ለሕዝብ የታየው በ1952 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ ወዲህ መቆጣጠሪያው በየጊዜው ተለዋውጧል። የ25 ዓመት ሲ ኤን ሲ ብረቱ ደህና ቢሆንም እንኳ የመቆጣጠሪያው ቦርድ፣ የሞተሩ ድራይቭ ወይም ስክሪኑ ከተቃጠለ አምራቹ ማምረት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ምርጫው ሁለት ነው፤ ያገለገለ ቦርድ ከውጭ ገበያ ማሳደድ፣ አለዚያም መቆጣጠሪያውን በሙሉ በአዲስ መቀየር። የኋለኛው ወጪ ማሽኑ የተገዛበትን ዋጋ ሊያክል ይችላል።

ብዙ ገዢዎች የማያውቁት ሌላ ነገር ባትሪ ነው። በብዙ የቆዩ ሲ ኤን ሲ ማሽኖች የማሽኑ ልክና መመሪያ የሚቀመጠው በባትሪ በሚጠበቅ ማኅደር ውስጥ ነው። ማሽኑ በመጋዘንና በመርከብ ላይ ወራት ሲያሳልፍ ባትሪው ካለቀ ማኅደሩ ይጠፋል፤ ማሽኑም ማንነቱን ረስቶ ይደርሳል። በመሆኑም ከመነቀሉ በፊት የማኅደሩ ቅጂ ተወስዶ ከማሽኑ ጋር እንዲላክና ባትሪው እንዲቀየር በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ከፍተኛ ጥራት ያላቸው፣ በተለይም ባለ5 አክሲስ ማሽኖች ለጦር መሣሪያ ሥራ ሊውሉ ይችላሉ ተብለው በዓለም አቀፍ ስምምነት የሽያጭ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አምራቾች፣ በተለይ የጃፓን፣ ማሽኑ ከተተከለበት ቦታ ሲነሣ ራሱን የሚቆልፍ መሣሪያ ይገጥሙበታል። አምራቹ መጥቶ ካልከፈተው ማሽኑ አይነሣም። ከሦስተኛ ወገን የተገዛ እንዲህ ያለ ማሽን አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቁልፉ ተዘግቶ ቢገኝ ሻጩን ማነጋገር ዋጋ የለውም። የአምራቹ ፈቃድ በጽሑፍ መገኘት ያለበት ከክፍያ በፊት ነው።

እንግዲህ እስካሁን ከተባለው የሚወጣው ምክር ይህ ነው፦ ያገለገለ ብረት መግዛት ይቻላል፤ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ሲገዛ ግን የመቆጣጠሪያው መለዋወጫ ዛሬም መሸጡን ማረጋገጥ የግድ ነው።

ቀለም አያታልል

ሐራጅ ላይ የሚቀርብ ማሽን ብዙውን ጊዜ «በቆመበት፣ እንዳለ» ይሸጣል። ሻጩ ዋስትና አይሰጥም። አንዳንድ ነጋዴዎች የመመለሻ ቀን ቢሰጡም፣ ማሽኑ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ገዢው ያለው መከላከያ ምርመራ ብቻ ነው።

አዲስ ቀለም መጥፎ ምልክት ባይሆንም ማስረጃ ግን አይደለም። «ታደሰ» የሚለው ቃል በሻጮች አንደበት ከቀለም እስከ ሙሉ እድሳት ሊደርስ ስለሚችል፣ ምን ተፈታ? ምን ተቀየረ? ሐዲዱ ተሞርዷል ወይ? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ቶርኖ በብዛት የሚበላው በቻኩ አቅራቢያ ባለው ሐዲድ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሥራ አጭር ስለሆነ ሠረገላው ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚያው ላይ ሲመላለስ ነው። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሠረገላው ቻኩ አጠገብ ሆኖ ልቅነቱ እስኪጠፋ ይጠበቅና ወደ ኋላኛው ጫፍ ይገፋል። በመንገዱ ላይ ከተቀረቀረ የፊተኛው ሐዲድ ተበልቷል ማለት ነው። የመንጃው ብሎን መበላት ደግሞ እጀታውን ወደ ኋላ በማዞር ይታወቃል፤ ሠረገላው ሳይነቃነቅ እጀታው ብዙ ከዞረ ብሎኑ ወይም ዳዶው አልቋል።

ማሽኑ በሁሉም ፍጥነት ተነሥቶ ድምፁ መደመጥ፣ ዋናው ዘንግም ለግማሽ ሰዓት ያህል ከዞረ በኋላ ሙቀቱ በእጅ መታየት አለበት። ከሁሉም የሚያስተማምነው ግን የሙከራ ቅርጽ ማስቆረጥ ነው። አንድ ዘንግ ተቆርጦ በሁለቱ ጫፎች ቢለካ፣ ልዩነቱ ገዢው ለደንበኛው ከሚፈቅደው በላይ ከሆነ ማሽኑ ለዚያ ሥራ አይሆንም። ለሌላ ሥራ ግን ሊሆን ይችላል፤ የበር ማጠፊያ ለሚያወጣ ሰው የበቃ ማሽን የፓምፕ ዘንግ ለሚያወጣ ላይበቃ ይችላል።

እንዲህ ያለ ምርመራ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌኦርግ ሽሌዚንገር የማሽን መረከቢያ ፈተናዎችን በመጽሐፍ ያወጣው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው። በአሁኑ ጊዜም አይ.ኤስ.ኦ. 230 የሚባለው ደረጃ የማሽን ፈተና የሚካሄድበትን ሥርዓት ይደነግጋል። ገዢው «በዚህ ደረጃ መሠረት ተፈትኖ ውጤቱ ይላክልኝ» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስገርም ጥያቄ አይደለም።

ቮልትና ኢንች

ማሽኑ የመጣበት አገርም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በኢትዮጵያ የፋብሪካ ኃይል ባለሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የአውሮፓና የቻይና ማሽን ከዚህ ጋር ይግባባል። የጃፓን ማሽን ብዙውን ጊዜ 200 ቮልት ስለሚፈልግ ትራንስፎርመር ይገዛለታል። የአሜሪካ ማሽን 60 ኸርዝ ላይ የተሠራ ነው። ለ460 ቮልት የተጠመጠመ ተራ ሞተር በ380 ቮልትና 50 ኸርዝ ላይ ሊሠራ ቢችልም ፍጥነቱና ጉልበቱ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ በደቂቃ 1,750 የሚዞረው ወደ 1,450 ይወርዳል። 230 ቮልት የሆነው ግን ያለ ትራንስፎርመር አይነካም።

ከአሜሪካና ከቆየ የእንግሊዝ ፋብሪካ የሚመጣ ቶርኖ መለኪያውና መንጃው ብሎን በኢንች ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለው ቶርኖ ትክክለኛ የሜትሪክ ጥርስ ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ባለ127 ጥርስ ማርሽ ያስፈልጋል። ይህ ማርሽ ከማሽኑ ጋር መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት ኋላ ማርሽ ፍለጋ ያንከራትታል።

ባንኩ ማሽኑን አያይም

ብዙ ገዢዎች ኤል.ሲ. ከተከፈተ ገንዘቡ የተጠበቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በዩ.ሲ.ፒ. 600 ደንብ መሠረት ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ በዕቃ አይደለም። ሻጩ ያቀረበው ሰነድ በኤል.ሲ.ው ከተጠየቀው ጋር ከተስማማ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማሽን ቢሰበርም ባንኩ ይከፍላል። ይህ ለአዲስ ዕቃ ብዙም አያሰጋም፤ ላገለገለ ማሽን ግን አደገኛ ነው።

መፍትሔው እዚያው ሰነዱ ውስጥ ነው። ገዢው ራሱ የመረጠው ገለልተኛ የፍተሻ ድርጅት ማሽኑን በሥራ ላይ ፈትኖ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት፣ የማሽኑ ሞዴል፣ መለያ ቁጥርና የተሠራበት ዓመት ተጽፎበት፣ ኤል.ሲ.ው ከሚጠይቃቸው ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ሻጩ ያለዚያ ወረቀት ገንዘቡን አያገኝም። በጉምሩክ በኩልም ዕድሜውንና ይዞታውን የሚያስረዳ ወረቀት መኖሩ፣ «ዋጋው ለምን ይህን ያህል አነሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። ማሽኑን ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት ያሰበ ባለሀብት ያገለገለ ዕቃ በማበረታቻው መካተቱን ከመግዛቱ በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ደላሎችም በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ የሚመጣ ደላላ አንድ ጊዜ ይሸጣል። መለያ ቁጥሩን፣ ማሽኑ ሲቆርጥ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ የፍተሻ ወረቀትና የመለዋወጫ አድራሻ ይዞ የሚመጣው ግን ደንበኛ ያበጃል።

አዲሱስ?

አዲስ ማሽን ሁሉ እኩል እንዳልሆነም መታወስ አለበት። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ አዲስ ቶርኖ ከጠንካራ ያገለገለ ቶርኖ ያነሰ ክብደትና ያነሰ ጥንካሬ ሊኖረው ይችላል፤ ቀላል ማሽን ደግሞ በከባድ ሥራ ላይ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሁለቱ ሲወዳደሩ ዕድሜ ከዕድሜ ጋር ሳይሆን ክብደት ከክብደት፣ የሞተር ጉልበት ከሞተር ጉልበት ጋር መወዳደር አለባቸው። የዋስትና ወረቀትም ቢሆን ጠጋኝ ከሌለ ወረቀት ብቻ ነው። «ዋስትናው 1 ዓመት ነው» የሚል አቅራቢ አገር ውስጥ ባለሙያና መለዋወጫ አለው ወይ? ባለሙያ ከውጭ ሲመጣ የአውሮፕላንና የሆቴል ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ተብሎ ይጠየቅ።

አዲስ ማሽን ለመግዛት ካፒታል ያጠረው ባለፋብሪካ የካፒታል ዕቃ ኪራይን ሊያስብ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደውና በአዋጅ ቁጥር 807/2005 የተሻሻለው ይህ አሠራር፣ የማሽኑ ባለቤትነት በአከራዩ እጅ ቆይቶ ተከራዩ እየሠራ የሚከፍልበት ነው። ቤትና መሬት ለዋስትና ለማስያዝ ለማይችል ሰው ከርካሽ ማሽን ይልቅ ይህ መንገድ ሊሻለው ይችላል።

ብዙ ልምድ ያላቸው ወርክሾፖች ሁለቱን ያቀላቅላሉ። ቀን ከሌት የሚሠራውን፣ ቢቆም ፋብሪካውን በሙሉ የሚያቆመውን ማሽን አዲስ ይገዛሉ። አልፎ አልፎ የሚፈለጉትን፣ ማለትም ትራፓኖውን፣ መጋዙን፣ ሁለተኛውን ቶርኖ ያገለገለ ይገዛሉ። ከሁለቱ ግዥ የተረፈውንም ገንዘብ ለመቁረጫ፣ ለመለኪያና ለጥሩ ሠራተኛ ያውሉታል፤ መቁረጫና መለኪያ የሌለው ማሽን አዲስም ቢሆን የቆመ ብረት ነውና።

ወደ ባለወርክሾፑ እንመለስ። ለደላላው ሊሰጥ የሚገባው መልስ «እሺ» ወይም «አይሆንም» አይደለም። «መለያ ቁጥሩን ላክልኝ፣ ሲቆርጥ አሳየኝ፣ የሚፈትሽልኝን ሰው እኔ እልካለሁ» ማለት ነው። ሻጩ በዚህ ከተስማማ ሒሳብ ይጀመራል። ካልተስማማ ግን ማሽኑ ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ማስላት አያስፈልግም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ 2 ቶን ብረት ደግሞ አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም።